በበሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ጅግጅጋ በሄድን ቁጥር የሚያገኘን ሰው ሁሉ ከጤናና ከልጆች ቀጥሎ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው። «ሃይሷስ እንዴት ሆነች?» ይለናል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ድንበር ተሻግሯል ማለት ነው። አንዳንዱ ሞተሯ ተበታትኖ መንገድ ላይ ቀረች ብሎ ሰምቷል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሻጩን ከሰን አሳሰርነው ብሎ። ሁለቱም አልሆነም። የሆነውን እንደ ሆነ እንንገራችሁ። ሐርጌሳ ውስጥ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ካለ ሳይጠቅመው አይቀርም።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ሐርጌሳ ከገባን ስምንት ዓመት አልፎናል። ከወዲያ ድንች፣ ሽንኩርትና ቃሪያ እናመጣለን፤ ለሀበሻ ምግብ ቤቶች ደግሞ በርበሬና ሽሮ። ለብዙ ጊዜ ዕቃችንን ከቶጎ ውጫሌ ሐርጌሳ የምናደርሰው በኪራይ መኪና ነበር። መንገዱ ወደ 90 ኪሎሜትር ነው፤ ከላበይድን፣ ገቢሌን፣ አረብሲዮን አልፎ ከተማ ይገባል። ሩቅ አይደለም። ግን የሰው መኪና የሚነሳው ባለቤቱ ሲመቸው ነው፤ ቃሪያ ደግሞ የማንንም ምቾት አይጠብቅም። ስንት ጆንያ ፀሐይ ላይ ሲጠወልግ ቁጭ ብለን አይተናል።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዕቁቡ ወጣልን። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ረመዳን ሲገባ ሐርጌሳ ውስጥ አትክልት እንዴት እንደሚፈለግ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። የራሳችን መኪና ቢኖረን በዚያ ወር ብቻ ምን ያህል እንደምናገኝ በጣታችን ቆጥረን ጨርሰናል። ጥድፊያችን ከዚህ የመጣ ነው። አሁን ስናስበው ሻጩም ይህን ከፊታችን አንብቦታል።

ግቢው ሰፊ ነው፤ መኪናዎቹ በበርበራ ወደብ ገብተው ሽቅብ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ መጀመሪያ ጃፓን የተነዱ፣ ከዚያ በኤምሬቶች በኩል ያለፉ ናቸው። ቪትዝ አለ፣ ፕሮቦክስ አለ፣ ኖህ አለ። የእኛ ዓይን ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ነጭ ሃይስ ላይ አረፈ። 2000 ሞዴል፣ 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ የጭነት። ቆጣሪዋ 118,400 ይላል። ለዕድሜዋ ትንሽ መሄዷ ነው። «ጃፓኖች መንገዳቸው ጥሩ ነው፤ መኪናም አያንገላቱም» አሉን ሻጩ። እሳቸውን «አዴር» እንላቸዋለን፤ በሶማሌ የአባት ወንድም ማለት ነው። እሳቸውም መልሰው እኛኑ «አዴር» ይሉናል፤ የሶማሌ ደንብ ነው፣ ታላቁ በራሱ መጠሪያ ታናሹን ይጠራዋል። ዘመድ ከዘመድ የሚገበያይ ይመስላል።

በ6,400 ዶላር ተስማማን። 4,600ውን እዚያው በዛድ ላክንላቸው። ቀሪውን 1,800 በየወሩ ሁለት ሁለት መቶ ልንከፍል። ለዚህ ግን ዳሚን ያስፈልጋል፤ ዋስ ማለት ነው። ዋስ የሆኑን የቤታችን አከራይ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። እኛ የውጭ ሰዎች ነን፤ ነገ ተነስተን ድንበር ብንሻገር ማንም አይዘንም። ሽማግሌው ይህን እያወቁ «እነዚህ የእኔ ናቸው» ብለው ቆሙልን። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ምን አየን? ቀለሟን አየን። ወንበሩ ላይ ያለውን ላስቲክ አየን። የኋላውን በር ከፍተን ስንት ጆንያ እንደምትይዝ በዓይናችን ለካን። ሞተሯ ሲነሳ ሰማን፤ ጥሩ ድምፅ ነበረው። ቁልፉ በዞረ ቁጥር ደግሞ አንዲት ሴት ከዳሽቦርዱ ውስጥ በጃፓንኛ ትናገራለች። «ሰላምታ ነው» አለ ከሻጩ ልጆች አንዱ። እኛም ስቀን ተቀበልነው። ጠዋት ጠዋት «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልን እንመልስላት ነበር። ከወራት በኋላ ትርጉሙን ስንሰማ ሴትዮዋ የምትለው «የመንገድ መክፈያ ካርዱ አልገባም» ነው። ጃፓን ውስጥ ለፈጣን መንገድ የሚከፈልበት መሣሪያ ነው። አራት ወር ሙሉ የጎደለ ነገር ስትነግረን እኛ ሰላምታ መስሎን ነበር።

ስለ መሪው አንድ ነገር እንበል፤ አገር ቤት ያላችሁ ስለማታውቁት። እዚህ የሚነዳው እንደ እኛው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ አብዛኛው መኪና ግን መሪው በቀኝ በኩል ነው። ከፊት ያለውን መኪና ለመቅደም ሾፌሩ የሚመጣውን አያይም። የሚያየው በግራ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ የእኛ ሃይስ ሁለት ሾፌር አላት። አንዳችን ይነዳል፣ አንዳችን አንገቱን አውጥቶ «ቆይ… ቆይ… ግባ!» ይላል። ትዳራችንን የሚያውቅ ሰው የትኛችን የትኛውን እንደሚሠራ ለመገመት አይቸገርም።

ጅግጅጋ ያሉ ዘመዶቻችን ዋጋውን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። አገር ቤት በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ የተጫነውን ታክስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚያው በ2016 ጥር ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል መባሉን ሰምተናል። የእኛዋ መሪዋም በቀኝ ስለሆነ ድንበሩን አታልፍም፤ ዕቃው በጋሪ ይሻገርና እዚህ ማዶ ይጫናል። ያም ሆኖ ያን ሰሞን «ርካሽ ገዛችሁ» ያላለን አልነበረም።

ረመዳንን በደንብ ሠራንባት። ዒድ አለፈ፣ ዝናቡም አለፈ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ወርደን እንመለሳለን። ሰኔ ላይ ግቢያችን ውስጥ ከቆመችበት ቦታ የዘይት ጠብታ ማየት ጀመርን። መጀመሪያ እንደ ሳንቲም፣ ከዚያ እንደ ቡና ሲኒ ማስቀመጫ። ካርቶን አነጠፍንላት። አዎ፣ ካርቶን ነው ያነጠፍነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርቶን እየቀየርን ሠራንባት።

በመጨረሻ ወደ ድሬው ልጅ ወሰድናት። ሐርጌሳ ውስጥ ሀበሻ መካኒክ ብዙ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ድሬ ስላደገ ሶማልኛውንም አማርኛውንም አፉን እንደፈታበት ይናገራል። ትንሽ ተንበርክኮ ከስር አየና «ዘይቱ የሚመጣው ከፊት ነው፤ የቺንጋውን ሽፋን ልክፈተው» አለ። «ክፈት» አልነው። ሻይ ልንጠጣ ወጣ ስንል ጠራን። ድምፁ ደስ አላለንም።

ስለ መኪና ብዙ ለማታውቁ፦ በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ፊት ለፊት፣ ከሽፋን ስር፣ ጥርስ ያለው ሰፊ የጎማ ቺንጋ አለ። ታይሚንግ ቺንጋ ይሉታል። ሥራው የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል በልክ አብሮ ማዞር ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቩ እንዲዘጋ፣ ሲወርድ እንዲከፈት የሚያደርገው እሱ ነው። ቢበጠስ ቫልቩ በተከፈተበት ይቀራል፣ ፒስተኑ ደግሞ እየበረረ ይመጣና ይመታዋል። ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ቺንጋ ሳይሆን ስለ ቴስታታ ነው፤ አንዳንዴም ስለ ሙሉ ሞተር። ኩባንያው በየ100,000 ኪሎሜትሩ ይቀየር ይላል። ሲያረጅ አይጮኽም፣ አያጨስም፣ ጉልበት አይቀንስም። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ በደንብ ይሠራል።

የእኛ ቺንጋ ዝናብ እንደራቀው ማሳ ተሰነጣጥቋል። ከውስጥ በኩል ሁለት ጥርስ የለም። የዘይት መከላከያው ጎማ አልቆ ስለሚያንጠባጥብ ቺንጋው በዘይት ርሷል፤ ዘይት ደግሞ ጎማን ይበላል። ልጁ በጣቱ ወደኋላ ሲያጥፈው አንዱ ጠርዝ ፍርፍር ብሎ እጁ ላይ ቀረ። «ትናንት ስንት ጫናችሁ?» አለን። አንድ ቶን ድንች። ከገቢሌ ወዲህ ደግሞ ግመል የጫነ አይሱዙ ልንቀድም «ግባ!» ተባብለን የገባንበት ሰዓት ትዝ አለን። ሁለታችንም ዝም አልን። ሞተሩ ያኔ፣ በሰው መንገድ ላይ፣ ከፊታችን የጫት መኪና እየመጣ ቢቆም ኖሮ…

ከዚያ ወዲህ የተከፈተው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ነው። የፍሬን ዘይቱ ጥቁር። የኋላው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ሊነካ ነው። የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረ መኪናዋም አታስታውስም። ትርፍ ጎማውን አወረድነው። ጎማ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። የእኛ 0811 ይላል፤ በ2011 እንደ ፈረንጅ፣ በስምንተኛው ሳምንት። ይህ ጎማ ከትልቁ ልጃችን ይበልጣል።

ግን ያመመን ይህ አይደለም። ያመመን ወረቀቱ ነው።

የመካኒኩ ረዳት የሐርጌሳ ልጅ ነው፤ አሥራ ሰባት ቢሆነው ነው። የሾፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ ከመቀመጫው በስተኋላ የተለጠፈች የመዳፍ ግማሽ የምታህል ወረቀት ያያል። በጃፓንኛ የተጻፈች ናት። እኛ በቀን አሥር ጊዜ በዚያ በር ስንገባና ስንወጣ አይተናታል፤ የፋብሪካ ማስታወቂያ ትመስለን ነበር። ልጁ ስልኩን አውጥቶ በካሜራው አስተረጎማት። «ዘይት የተቀየረበት» ይላል። ቀን 24፣ ወር 9፣ ከጎኑ 241,600 ኪሎሜትር።

241,600። ቆጣሪያችን የዚያን ቀን እንኳ 127,900 ነበር።

24 ያለው ቀን ሳይሆን ዓመት ነው። ጃፓኖች እንደ እኛው የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ በንጉሣቸው ዘመን ይቆጥራሉ። ያ ዘመን ሄይሴይ ይባላል፤ በ1989 ጀምሮ በ2019 ያበቃ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ካገኛችሁ በሄይሴይ ቁጥሩ ላይ 1988 ደምሩበት፤ አሁን ያለው ሬይዋ ከሆነ 2018። ስለዚህ 24 ማለት 2012 ነው። በ2012 መስከረም ይህች መኪና 241,600 ኪሎሜትር ሄዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሄደች የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ኪሎሜትር ጠርጎ ጥሎላታል።

የቺንጋው ሽፋን ላይም ሁለተኛ ወረቀት ተገኘ። «ታይሚንግ ቺንጋ ተቀይሯል፤ 17፣ ወር 6፤ 104,218»። 17 ማለት 2005 ነው። በእኛ ሲሆን ምርጫ 97 በተደረገ በወሩ። እኛ ያን ጊዜ ገና አልተዋወቅንም ነበር። ጃፓን ውስጥ ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው ያን ቀን ሥራውን በሥርዓት ሠራ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ኪሎሜትሩን ጻፈ፣ ለጠፈ። ከእሱ በኋላ ሽፋኑን የከፈተ ሰው ያለ አይመስልም።

የድሬው ልጅ ዳሽቦርዱንም በካቻቢቴ ፈታው። «እዩት» አለን። ብሎኖቹ ከዚህ በፊት የተፈቱ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ተፍቋል። የጃፓን ናፍጣ ቶዮታዎች ዳሽቦርድ ላይ 100,000 ሲሞላ ስለ ቺንጋው የሚያስጠነቅቅ መብራት አለ። የእኛ ላይ ቦታው አለ፤ አምፖሉ የለም። ወልቋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግመን ያሰብነው፣ ይህች መኪና ለስንት ጊዜ የማንም ሳትሆን እንደቆየች ነው። ጃፓን ውስጥ የቤት መኪና አዲስ ሲሆን በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ የመንግሥት ምርመራ ያልፋል፤ የጭነቱ ደግሞ በየዓመቱ። ገንዘብ ያስወጣል። መኪናው ሲያረጅ ባለቤቱ ለምርመራው ከመክፈል መሸጡን ይመርጣል። ሊሸጠው የወሰነ ሰው ደግሞ ቺንጋ አይቀይርለትም። ጨረታ ላይ የገዛው ለመርከብ ነው የገዛው። ባሕሩን ተሻግሮ የበረሃ ፀሐይ ላይ ያቆመው ለሌላ ነጋዴ ነው ያቆመው። ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ በርበራ፣ ከዚያ ሐርጌሳ። ሁሉም የያዛት ሊያሳልፋት ነው። ሁሉም አጥቧታል፤ ዘይቷን የቀየረላት ግን አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ያዦች እኛ ሆንን፤ ለዚህ ነው ዕዳው ሁሉ እኛ ላይ የደረሰው።

ልጁ ሒሳቡን አስቦ ነገረን። ቺንጋው፣ የመወጠሪያው ኩሽኔታ፣ የዘይት መከላከያዎቹ፣ የፍሬን ሸራው፣ ዘይቱ ሁሉ፣ ከእጅ ዋጋው ጋር 410 ዶላር። ቺንጋውን ኮፒ ከገዛን ይቀንሳል። «ኮፒ እኔ አልገጥምም» አለ። ከሁለት ጓደኞቻችን ተበድረን ሰጠነው። ሥራውን ቆመን አየን። አዲሱን ቺንጋ ምልክት ከምልክት ገጥሞ ካሰረ በኋላ ቁልፉን አላዞረም። ትልቅ ብሎን መፍቻ ይዞ ሞተሩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዞረው፤ ቀስ ብሎ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ የሚነካካ ነገር እንዳለ እየሰማ። ከዚያ ምልክቶቹን እንደገና አየ። ከዚያ ነው ያስነሳት።

ያን ሌሊት አልተኛንም። ተጣላን ማለት ይቻላል። አንዳችን «የቀረውን አንከፍልም» አለ። አራት ወር ከፍለን 1,000 ዶላር ቀርቶን ነበር። «ዋሽቶ ሸጠን፤ ከቀረው ላይ ጉዳታችንን እንይዛለን፤ ይምጣና ይጠይቀን።» ሌላችን «የሚጠየቀው ማን ነው?» አለ። የሚጠየቁት ሽማግሌው ናቸው። እኛ ያልከፈልን ዕለት ሻጩ በራችንን አያንኳኳም፤ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ቀን ቆጥሮ፣ ሰው ፊት፣ መስጊድ ሲወጡ። «እነዚህ የእኔ ናቸው» ያሉበት ቃል ሊዋረድ ነው። ከእሳቸውም አልፎ፣ ነገ ሌላ ሀበሻ ዳሚን ሲፈልግ ማን ይቆምለታል? አንዳችን «ስለ ሌላ ሰው ስም ብለን እንሙት?» አለ። ሌላችን መልስ አልነበረውም። የትኛችን የቱን እንዳለ አንናገርም፤ ቤት ውስጥ ተስማምተንበታል።

ጠዋት ሽማግሌው ዘንድ ሄድን። አሮጌውን ቺንጋ በፌስታል ይዘን፣ የወረቀቶቹን ፎቶ በስልክ ይዘን። ሁሉንም ሰሙን። አንዴም አላቋረጡንም። ሲጨርሱ ከዘራቸውን አንስተው «እንሂድ» አሉ።

ሻጩ በወተት የተፈላ ሻህ አስቀረቡ። ቺንጋውን ጠረጴዛው ላይ አወጣነው። አዩት፣ ነኩት፣ ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩን። መኪናዋ ገና ባሕር ማዶ እያለች የተላከላቸው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያኔም 118 ሺህ ይላል። «እኔም በፎቶ ነው የገዛሁት» አሉ። «ስድስት ሳምንት እዚህ ቆመች። አጠብኳት፣ ባትሪ ቀየርኩላት። ያየሁትን ሸጥኩ፤ የጨመርኩት የለም።»

ያላሰብነው ነገር ይህ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የተጣላነው ከአንድ አጭበርባሪ ጋር ነው፤ ጠዋት ያገኘነው ደግሞ እንደ እኛው የተታለለ ሰው ነው፤ ወይም እንደዚያ የሚመስል። እስከ ዛሬ ድረስ አንዳችን ያምናቸዋል፣ አንዳችን አያምንም። ያም ቢሆን ዝም አላልንም። «አዴር፣ ሳያዩ ገዙ እንበል። ግን ሳያዩ እንዴት ይሸጣሉ? በሩን የከፈቱልን እርስዎ ነዎት፤ ወረቀቱ እዚያው ነበር» አልናቸው።

«እናንተስ?» አሉ ሻጩ።

እዚህ ላይ ሽማግሌው ገቡ። ወደ እኛ ዞረው በዝግታ «ድንቹን ጆንያ ውስጥ ስትሞሉ ትልልቁን ከላይ የምታደርጉት ለምንድን ነው?» አሉ።

ሻጩ ሳቁ። እኛ አልሳቅንም። ገበያው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል፤ ይህን ሁሉ ልንላቸው አፋችን ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ድንች ሰው አይገድልም ልንልም አስበን ነበር። እውነት ነው፣ አይገድልም። ግን ያን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቺንጋ እያየን የሚባል አልነበረም።

ሽማግሌው ወዲያው ወደ ሻጩ ዞሩ። ለእሳቸው የተናገሩት ረዘም ያለ ነበር፤ በፍጥነትም ስለነበር ሁሉንም አልያዝነውም። የያዝነው ይህን ነው፦ እነዚህ ሰዎች ብር እንጂ ነፍስ አልሸጡልህም፤ መንገድ ላይ ቢሞቱ ዋሳቸው እኔ ነኝ፣ ታዲያ እኔ ለማን እከፍል ነበር? ሻጩ ጢማቸውን እየነካኩ ቆዩ። በመጨረሻ ከ410ሩ 200 እሳቸው ሊችሉ ተስማሙ፤ የአንድ ወር ክፍያ ተነሳልን። 210ሩን እኛ። እጅ ተጨባበጥን። የቀረውን በየወሩ ከፍለን ጨረስን፤ አንድም ቀን አላሳለፍንም።

ፍትሕ ነው ወይ ለምትሉን፣ በቤታችን ሁለት መልስ አለ። አንዳችን «ሙሉውን መቻል ነበረባቸው» ይላል እስከ ዛሬ። ሌላችን ደግሞ ሐርጌሳ ውስጥ ያለ ወረቀት፣ ያለ ጠበቃ፣ በአንድ ሻህ 200 ዶላር ያስመለሰ ባዕድ አገኝቶ ቢያሳየን ደስ ይለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሽማግሌው ባይኖሩ 200ውም አይኖርም ነበር።

ባለፈው የጅግጅጋ ወዳጃችን እዚሁ የሚሠራባት መኪና ሊገዛ መጣ፤ ይዘነው ዞርን። ሳቀብን። መኪና ሳናስነሳ መጀመሪያ በሩን ከፍተን ምሰሶውን ስናይ፣ ወንበር ስር ስንገባ፣ ከኮፈኑ ስር በባትሪ ስናበራ፣ ጎማ ላይ ቁጥር ስናነብ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዙረን፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበሩትን መብራቶች ስንቆጥር። «ፖሊስ ሆናችሁ» አለ። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት መኪና አየን፤ በሦስቱም በር ላይ ወረቀቱ የነበረበት ቦታ አለ። ሙጫው አለ፤ ወረቀቱ ተልጧል። የእኛዋን ማንም ሳይልጣት መምጣቷ ለካ ዕድል ነው። ወዳጃችን አንዷን ገዛ፤ ግን ቺንጋ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሶ፣ ከግቢው በቀጥታ ወደ ድሬው ልጅ ነዳት።

እኛም ዘይት ልንቀይር አብረነው ሄድን። ዘይቱ እየወረደ ሳለ የመካኒኩ ረዳት አንድ ነጭ ወረቀትና ማጣበቂያ ይዞ መጣ። «ጻፉበት» አለን፤ «ጃፓኑ ጽፎ የለ?» የድሬው ልጅ ደብተሩን ገልጦ ቀኑንና ቁጥሩን ነገረን። በአማርኛ ጻፍነው። ልጁ ከስሩ በሶማልኛ ደገመው። የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ፣ ከጃፓንኛው ወረቀት በታች ለጠፍነው። እንዲህ ይላል፦

«ታይሚንግ ቺንጋ የተቀየረው ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቆጣሪው ያኔ 127,900 ይል ነበር፤ አትመኑት።»